ቲቸር ሐመልማልና ከውጭ የማያሳየው ብላይንድ

እኔ ሰው የምፈራ ሴት አይደለሁም። ጉርድ ሾላ የልብስ ሱቅ አለኝ፤ ደንበኛ ቢጮህብኝ እጥፍ አድርጌ እጮህበታለሁ። የታክሲ ረዳት መልሴን ሊያስቀር ቢሞክር መገናኛ ድረስ አብሬው ሄጄ እቀበለዋለሁ። የሰፈሩን ሰው ጠይቁ፣ "ሒሩት ምላሷ!" ይሏችኋል። ግን ቲቸር ሐመልማል ደረጃው ላይ ብቅ ካሉ፣ ይኸው አርባ ዓመት ሞልቶኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ አፌ ውስጥ ያለውን ማስቲካ እውጠዋለሁ።

ዩኒት ሊደሬ ነበሩ። ዩኒት ሊደር ምን እንደሆነ የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያረፈደውን የሚለቅም፣ ፀጉሩን ያንጨባረረውን ወደ ቤቱ የሚመልስ፣ ክፍል ሲረበሽ ድንገት በሩ ላይ የሚገተር ሰው ነው። ቲቸር ሐመልማል እዚሁ የካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ በር ላይ ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ፊሽካ ይንጠለጠላል። አርፍደን ስንደርስ አይቆጡም፣ አይመቱም። ቀስ ብለው "ሰዓት ስንት ነው?" ብቻ ይሉናል። በቃ፣ በማግስቱ ከሳቸው ቀድመን በር ላይ እንገኛለን። ጥርሳቸውን ያየ ተማሪ አልነበረም። እንዲያውም ልጆች ሆነን "ጥርስ የላቸውም" ብለን በማስቲካ እንወራረድ ነበር።

የእንጦጦ ልጅ ናቸው። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ ካለ ቤት ተወልደው፣ ያንን ቁልቁለት በእግራቸው እየወረዱ ተምረው፣ ያንኑ ዳገት በእግራቸው እየወጡ አድረዋል። ለወሬ ጊዜ የላቸውም፣ ለሳቅ ጊዜ የላቸውም፤ ሥራ ነው የሚያውቁት። በኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸውና ከባለቤታቸው ጋር ከሲ.ኤም.ሲ ጀርባ ያለው ግቢያችን ገቡ፣ የኔ ብሎክ ፊት ለፊት። እኔ በረንዳዬ ላይ ልብስ ሳሰጣ ከማዶ "ሒሩት! አንቺ ነሽ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የያዝኩት አንሶላ አምልጦኝ ምድር ወረደ። እኔም ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ደግሞ እኔ ብቻ ብሆን ጥሩ። ባንክ የሚሠራው ዋቅቶላ የሳቸው ተማሪ ነበር፤ ጎረቤቴ አሳየች የሳቸው ተማሪ ነበረች። ተማሪያቸው ያልነበረው ደግሞ እኛን እያየ መፍራት ለመደ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቲቸር ከቤት መውጣት ተዉ። ልጃቸው ናዝሬት ሐዋሳ አግብታ ነው የምትኖረው። በየእሁዱ ትደውልልኛለች። "ሒሩትዬ፣ እማዬ እንዴት ናት? ትስቃለች? እኔ ከአባዬ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም" ትለኛለች። እኔ በሆዴ "አንቺ ደግሞ፣ ከዚያ በፊትስ ማን ሰምቷቸው ያውቃል?" እላለሁ። በአፌ ግን "ደህና ናቸው፣ አታስቢ" እላታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከስኳራቸው ነው። ሐኪሙ በየቀኑ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ አዘዛቸው። "ካልተንቀሳቀሱ መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም" አላቸው። ታዲያ ቲቸር ሐመልማል ቱታ ለብሰው ግቢ ውስጥ ሊሮጡ ነው? በተማሪዎቻቸው ፊት? ሞታቸው ነው! እቤታቸው ዘግተው ለመንቀሳቀስ ወሰኑ። ቤታቸው ውስጥ ግን ያ የወይን ጠጅ ከፋይ መጋረጃ ነበር፤ ሲዘጉት ይታፈናሉ፣ ሲከፍቱት እኛ ሁላችን ፊት ለፊት ነን። ደግሞም ሳሎናቸው መስኮት ላይ ቆመው በብሎኮቹ መሀል አሻግረው እንጦጦን ማየት ይወዳሉ። መጋረጃው ከተዘጋ ተራራውም ቀረ።

አንድ ቀን ሱቄ መጡና "አንቺ፣ የማያሳይ ግን የሚያሳይ መጋረጃ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?" አሉኝ። አብሬያቸው ሄድኩ። ከሱቄ ብዙም ሳይርቅ በርናባስ የሚባል ብላይንድ የሚገጥም ሰው አለ፤ ምላሱ ከኔ ይብሳል። በሰንሰለት ሲስቡት እየተጠቀለለ ወደ ላይ የሚወጣ፣ እንደ ወንፊት ስስ የሆነ ጨርቅ አወጣ። "ይሄን ካወረዱት እርስዎ ውጭውን ያያሉ፤ ከውጭ ግን ዝንብ አትታይም። እኔ ነኝ ያልኩት!" አላቸው። ጨርቁን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ ውጭ ወጥተን እንድናይ አደረገን። እውነትም ምንም አይታይም። ቲቸር ከጡረታቸው ያጠራቀሙትን አውጥተው አዘዙ።

በገጠሙበት ቀን ደግሞ መች ዝም ብለው አመኑ! ዋቅቶላን በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ በፀሐይ አቁመው፣ እሳቸው ከብላይንዱ ጀርባ ሆነው፣ "ስንት ጣት ነው ያነሳሁት?" እያሉ ጮሁ። "ምንም አይታየኝም ቲቸር!" አለ ምስኪን። "ጎበዝ" አሉት። ከኔ ጋር አራት ዓመት ተምሯል፤ ያችን ቃል ከሳቸው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራት ከረመ። ከፋዩን መጋረጃ እንጦጦ ላሉ ዘመድ ሰጡት።

እንግዲህ ማታ መጣ።

መብራታቸው በራ፣ ብላይንዱ ወረደ። እኔ በረንዳዬ ላይ ልብስ ላነሳ ወጥቼ ነበር። ቀና ስል፣ እመቤቴ ማርያም! ቲቸር ሐመልማል ከነሙሉ ቁመታቸው፣ የባለቤታቸውን አረንጓዴ ቱታ ለብሰው፣ ጉራግኛ ይጨፍራሉ! ደግሞ አጨፋፈራቸው! እግራቸው ይፈጥናል፣ ክንዳቸው ይወረወራል፣ ጭንቅላታቸው ወዲያ ወዲህ ይላል። ያ በርናባስ የተባለ ቀላማጅ ማታ ቤት ውስጥ መብራት ሲበራ ነገሩ እንደሚገለበጥ አልነገራቸውም። ከውስጥ ብርሃን ካለ ከውጭ ያለው ነው የሚያየው፤ ውስጥ ያለው ሰው ጨርቁን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ልብሱን አቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ አሳየች በረንዳዋ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ወንበር አውጥታ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የኛ ብሎክ በረንዳ ሁሉ እንደ ስታዲየም ሞላ። ሁሉም መብራቱን አጥፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቆሎውን ይዞ ያያል። አንድም ሰው ጮክ ብሎ አልሳቀም፤ ፈርተን ነው። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ያምር ነበር።

ይሄን ሁሉ ያበላሸው ቅዱስ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ቲቸር ጡረታ ከወጡ በኋላ ያደገ ስለሆነ ፍርሃት የሚባል አያውቅም። ቀርጿቸዋል። ደረጃ ላይ አሳየኝ። "ቅዳሜ ቲክቶክ ላይ እለቀዋለሁ፤ በአንድ ቀን ሚሊዮን ሰው ነው የሚያየው" አለኝ። "ትለቃትና ታያታለህ!" አልኩት። "ምን አጠፋሁ? ሰው እኮ ነው የሚወዳቸው" አለኝ፣ ከልቡ። አስፈራራሁት፣ ለመንኩት። "ራሳቸው እምቢ ካሉኝ እተዋለሁ" አለ።

ራሳቸው! ማን ነው የሚነግራቸው? ማወቃቸው አይቀርም፤ ከስልክ ላይ አይተው ካወቁ ደግሞ አለቀላቸው፣ ሁለተኛ ከቤት አይወጡም፣ ሁለተኛ አይንቀሳቀሱም፣ ስኳሩ ይጫወትባቸዋል። ዋቅቶላን ጠየቅኩት፤ "እኔ? እኔ እኮ አይታይም ብዬ የመሰከርኩ ሰው ነኝ!" ብሎ አማተበ ልል ነበር፣ ጴንጤ ነው እንጂ። አሳየች ስሟ እንዳይነሳ ለመነችኝ። መጨረሻ ላይ እኛ አገር ሰው አፍ አውጥቶ መናገር ሲያቅተው የሚያደርገውን አደረግን፤ ሽማግሌ ላክን።

ሽማግሌያችን ጋሽ አባይነህ ናቸው። ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ የዚህን ግቢ ጋብቻ ሁሉ የጠየቁት፣ የተጣላውን ሁሉ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። እኔና ዋቅቶላ አጀብናቸው። ሐሙስ ወደ ማምሻው ላይ አንኳኳን። ቲቸር ከፈቱ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

ጋሽ አባይነህ እንደ ለመደባቸው፣ በለቅሶ ቤት ድምፅ፣ "የመጣንበትን ጉዳይ ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ።

ወይ ጉድ! ይሄ እኮ ሴት ልጅ ሲጠየቅ የሚባል ነገር ነው። ልማድ ሆኖባቸው አመለጣቸው። ቲቸር ሐመልማል ቀስ ብለው ምድጃውን አጥፍተው መጡ። ተራ በተራ አዩን።

"ናዝሬት ካገባች ቆይታለች" አሉ። "ሌላ ሴት ልጅ የለኝም። እንግዲህ የምትጠየቀው እኔ ነኝ ማለት ነው።"

ጋሽ አባይነህ አዲስ ኮት ለብሰው ነበር። ቲቸር ኮቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

"አቶ አባይነህ፣ ሰው ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል እንዴ?"

ጋሽ አባይነህ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ላብ በላብ ሆኑ። ዋቅቶላ ወለሉን ያያል። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። "ቲቸር፣ ብላይንዱ ያሳያል! ማታ መብራት ሲያበሩ ሁሉ ነገር ይታያል! ሲጨፍሩ እናይዎታለን!" ብዬ ጮህኩ።

ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አልተለወጠም። "ዋቅቶላ ቆሞ አይቶ የለም እንዴ?" አሉ።

"ቀን ነበራ ቲቸር" አለ ዋቅቶላ በቀጭን ድምፅ።

"እንደዚያ ከሆነ አሁን ይታያል። አንተ እዚህ ትቆያለህ። ሲጨልም መብራት አብርተህ ተንቀሳቀስ። አንቺ፣ ቤትሽ ውሰጂኝ።"

ጋሽ አባይነህ መተንፈሻ አግኝተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔና ቲቸር በረንዳዬ ላይ ቆምን። ጨለም ሲል፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የየበረንዳው በር መከፈት ጀመረ። አጠገቤ አሳየች ወንበሯን እየጎተተች፣ ቆሎዋን በሳህን ይዛ ወጣች። ዞር ስትል ቲቸር ሐመልማል ጎኗ ቆመዋል። ሳህኑ ወደቀ፣ ቆሎው ተበተነ፣ አሳየች ወንበሩን ትታ ገባች። ከላይም ከታችም በር ሲዘጋ ተሰማ።

ያን ጊዜ ማዶ መብራቱ በራ። ዋቅቶላ ቁልጭ ብሎ ታየ። ክራቫቱ ሳይቀር ይታያል። መጨፈር ስለማያውቅ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን እጁን ወደ ላይ አድርጎ ይዘላል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ቲቸር ለረጅም ጊዜ አዩት። "ስንት ሰው አየኝ?" አሉ።

"ሁላችንም።"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?"

"አዎ።" ስለ ቅዱስ ስልክም፣ ስለ ቅዳሜም ነገርኳቸው። የቀረ ነገር አልነበረም።

"እና አንዳችሁም አልነገራችሁኝም?"

"ፈርተንዎት ነው ቲቸር።"

"እኔን?" ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ እኮ ጡረታ የወጣሁ አሮጊት ነኝ። ምን ታደርገናለች ብላችሁ ነው?"

ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። መጨፈራቸው መታየቱ አይደለም ያሳዘናቸው፣ ገባኝ። ይሄ ሁሉ ሰው እያወቃቸው አንድ ሰው እንኳን በራቸውን አንኳኩቶ "መብራቱን ያጥፉ" የሚላቸው አለመኖሩ ነው። አንጀቴን በላኝ። ላቅፋቸው ፈልጌ፣ ያንንም ፈራሁ።

በማግስቱ በርናባስ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። "እኔ እኮ ቀን አልኩ እንጂ ማታ መች አልኩ?" ብሎ ሊከራከር ጀመረ። ቲቸር ድምፃቸውን ሳያነሱ "ማታ ማታ ቤት የለኝም?" አሉት። ወዲያው ወፍራም፣ ብርሃን የማያሳልፍ ሌላ ብላይንድ በነፃ ሊሰጣቸው ተስማማ። ተሸክመን መጣን። ያን ዕለት ማታ ግን መስኮታቸው ጨለማ ነበር። ሙዚቃ የለም፣ ጥላ የለም። በረንዳዎቹም ባዶ ነበሩ። የኔ ጥፋት መሰለኝ። ቅዳሜም ገና ሲነጋ ልቤ ቅዱስ ስልክ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቼን ምሳ አብልቼ ዕቃ ሳጥብ ፊሽካ ተነፋ።

እመኑኝ፣ እጄን እንኳን ሳላደርቅ ነው የወረድኩት። ዋቅቶላ በነጠላ ጫማ፣ አሳየች ፀጉሯን ግማሹን ተሠርታ፣ ሁላችንም ግቢው መሀል ተገናኘን። ማንም ተሰለፉ ሳይለን ተሰለፍን። ጋሽ አባይነህ እንኳን፣ ተማሪያቸው ያልነበሩት ሰው፣ ከኋላ ቆሙ። ፊት ለፊታችን ቲቸር ሐመልማል አረንጓዴውን ቱታ ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

"ማታ ማታ ያየኝ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት" አሉ።

ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድን።

"ጥሩ። ቅዱስ የሚባለው ማነው?"

ቅዱስ ወጣ። ፍርሃት የማያውቀው ልጅ ጆሮው ቀልቶ ነበር። "ስልክህን" አሉት። ቪዲዮውን ከፍቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ማየት ጀመሩ። የስልኩ ዘፈን ብቻ ይሰማል። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ቀጥሎ ስልኩን ጠጋ አደረጉት። ዘፈኑ አለቀና እንደገና ከፈቱት።

"እየሳቅኩ ነው" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል።

እውነታቸውን ነው። እኛም እግራቸውን ስናይ ልብ አላልነውም እንጂ፣ ቪዲዮው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ጥርስ በጥርስ ሆነው ነበር።

"እንዲህ እንደምስቅ አላውቅም ነበር" አሉ። ከዚያ ስልኩን መለሱለት። "ለልጄ ለናዝሬት ላክላት፣ ቁጥሯን ሒሩት ትሰጥሃለች። ከላክህ በኋላ አጥፋው። ሌላ ሰው ማየት ከፈለገ እዚህ መጥቶ በዓይኑ ይየኝ።"

"እሺ ቲቸር" አለ ቅዱስ። እሱም ቲቸር አላቸው።

"ለነገሩ ለእናንተም መንቀሳቀስ ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም፤ ሆዳችሁን እያየሁት ነው። ቅዱስ፣ ያንኑ ዘፈን ክፈተው። ክንድ ዘርጋ!"

"ቲቸር፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አልጨፍርም" አለ ዋቅቶላ።

"አንተ ዝለል። ሐሙስ ስትዘል አይቼሃለሁ።"

ያኔ የሳቅነው ሳቅ ሰፈሩን አናወጠው። የዓመታት ሳቅ ነበር፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የያዝነው።

እሁድ ናዝሬት ደወለችልኝ። ስልኩን አንስቼ "ሃሎ" ስል አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። "ናዝሬት፣ ምነው?" አልኳት። እያለቀሰች ነበር። "ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ 'ይቺ ናት እናቴ' አልኳቸው" አለችኝ። እኔም እዚያው ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ እንባዬ መጣ። ደንበኛዋ ልብስ ለካች፣ ዋጋ አስቀነሰችኝ፣ ይዛ ሄደች። ያን ቀን ማንም አልተጮኸበትም።

በርናባስ የሰጣቸው ወፍራም ብላይንድ እስከ ዛሬ ከነፕላስቲኩ ከበራቸው ጀርባ ቆሟል። ስሱ እንደተሰቀለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንጦጦን እንዲያዩበት ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይወጣል። እኛም ማታ ማታ ግቢ ውስጥ እንሰለፋለን። ጋሽ አባይነህ አዲሱን ኮታቸውን አውልቀው ግንብ ላይ አጥፈው ያስቀምጡና ከፊት ይቆማሉ፤ ስለዚያ ነገር ለጊዜው ምንም አልልም።

ትናንት ሱቅ ዘግቼ፣ ታክሲ አጥቼ፣ እየሮጥኩ ግቢ ስደርስ ዘፈኑ ተጀምሯል። ከኋላ ሹልክ ብዬ ልቀላቀል ስል ፊሽካው ተነፋ። ሁሉም ቆመ። ቲቸር ሐመልማል ወደ እኔ መጡ፣ ፊቴ ቆሙ፣ እኔም ማስቲካዬን ዋጥኩ።

"ሒሩት፣ ሰዓት ስንት ነው?" አሉኝ።

እየሳቁ ነበር።